ውድ የተሸጠው ሸክላ ለማን ይከፍላል? ብርቅ የጃዝ ቀረጻዎች፣ ትናንሽ አሳታሚዎችና የመብት ጥያቄ

የቆየ የኢትዮጵያ ሸክላ በባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ዘንድ በብዙ ዶላር ተሸጠ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር አስተያየቱ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ሙዚቃችን ዘግይቶም ቢሆን የሚገባውን ክብር አገኘ ብሎ ይደሰታል። ሌላው ደግሞ ያን ሙዚቃ የሠሩት ሰዎች ምን ደረሳቸው ብሎ ይቆጫል፤ ቁጭቱም ብዙ ጊዜ «ፈረንጅ ወሰደብን» ወደሚል ክስ ያመራል። ተመሳሳይ ክርክር በአሜሪካና በአውሮፓ የጃዝ አፍቃሪዎች መካከልም ለረጅም ጊዜ ሲካሄድ የቆየ ነው፤ እዚያም ሙዚቀኛው በችግር ባለፈበት አልበም ላይ ሌሎች ሲነግዱ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ደስታውም ቁጭቱም ምክንያት አላቸው። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው መነሣታቸው ነው። የመጀመሪያው አሮጌው ሸክላ ራሱ እንደ ማንኛውም ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ መሸጡ ነው። ሁለተኛው በሸክላው ላይ ያለውን ቀረጻ እንደገና አሳትሞ መሸጥ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከቀረጻው በስተጀርባ ያለውን የዜማና የግጥም ድርሰት መጠቀም ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ባለቤት፣ የየራሳቸው ሕግና የየራሳቸው ተጠቃሚ አላቸው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ እነዚህን ለይቶ ለማየት የሚሞክር ሲሆን፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ብርቅነት ከየት ይመጣል?

አንድ ሸክላ ብርቅ የሚሆነው በአብዛኛው መጀመሪያውኑ ጥቂት ቅጂ ስለታተመ ነው። ሸክላ ለማተም ድምፁ አስቀድሞ ላከር በተባለ ቅብ በተሸፈነ ሳህን ላይ ይቀረጻል፤ ከሳህኑ የብረት ማተሚያ ይወጣል፤ ማተሚያው ደግሞ የጋለውን ፕላስቲክ እየተጫነ ቅጂዎቹን ያወጣል። ለሳህኑና ለብረቱ የሚወጣው ወጪ 300 ቅጂ ቢታተምም 1,000 ቢታተምም ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ አቅም ያነሰው አሳታሚ ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚከፍለው ይበዛል፤ የመጀመሪያው ዙር ካልተሸጠለት ደግሞ ሁለተኛ የሚያሳትምበት ገንዘብ አይኖረውም። ያልተሸጠው ቅጂ በየመጋዘኑ ተረስቶ ይበላሻል፣ የተሸጠውም በየቤቱ ይፋቃል፣ ይሰበራል። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሙዚቃው ተፈላጊ ሲሆን በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ቅጂ በጣት የሚቆጠር ሆኖ ይገኛል።

ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት ለሙዚቃው ብቻ ያለመሆኑን ለመረዳት የብሉ ኖትን ሸክላዎች ማየት ይበቃል። ብሉ ኖት በርሊን ተወልዶ ያደገው አልፍሬድ ላየን ከማክስ ማርጉሊስ ጋር በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ ያቋቋመው አነስተኛ የጃዝ አሳታሚ ነበር። ዛሬ አንድ ሰብሳቢ የ1950ዎቹን የብሉ ኖት ሸክላ በእጁ ሲይዝ በቅድሚያ የሚያየው ድምፅ የሌለበትን፣ ከመጨረሻው መስመር እስከ መሃሉ ወረቀት ያለውን ለስላሳ ቀለበት ነው። እዚያ ላይ የድምፅ ባለሙያው የሩዲ ቫን ጌልደር ስም ምኅጻረ ቃል ተጽፎ ይፈልጋል፤ ቀጥሎም ሰብሳቢዎች «ጆሮ» የሚሉትን ትንሽ ጭረት ይፈልጋል። ጆሮ የሚመስለው ይህ ምልክት በእርግጥ ፕላስቲላይት የተባለው ፋብሪካ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል (P) በተያያዘ የእጅ ጽሕፈት ያኖረበት ነው። ብሉ ኖት በ1965 ሊበርቲ ለተባለው ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ የሚያትመው ፋብሪካ ስለተለወጠ ምልክቱ ቀረ። በዚህ የተነሣ ያው ሙዚቃ፣ በያው ሽፋን፣ «ጆሮ» ሲኖረውና ሳይኖረው የዋጋው ልዩነት ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ልማድ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ማተሚያዎች የወጣ ቅጂ ከዋናው ቴፕ ጋር ያለው ርቀት አጭር በመሆኑ ድምፁ የበለጠ ሊጠራ ይችላል። ሆኖም ዋጋው ከድምፅ ጥራት በብዙ ይርቃል። የጃዝ ሙዚቀኛው ሰን ራ ከአልተን ኤብረሃም ጋር በቺካጎ ያቋቋመው ኤል ሳተርን የተባለው አሳታሚ ሽፋኖቹን በእጅ እየሣለ፣ በኮንሰርት ቦታ ጥቂት ጥቂት ቅጂ እያወጣ ይሸጥ ነበር፤ እነዚያ ሽፋኖች ዛሬ እንደ ሥዕል ይሰበሰባሉ። በሌላ በኩል ብርቅ የሆነ ሁሉ ምርጥ አይደለም፤ በጊዜው ማንም ያልፈለገው ደካማ አልበምም ጥቂት ስለታተመ ብቻ ውድ ይሆናል። ብርቅነት የታሪክ አጋጣሚ እንጂ የጥበብ ሚዛን አለመሆኑን አድማጭ ቢያስታውስ ብዙ የተጋነነ ውዳሴ በቀነሰ ነበር።

ገበያውን ያጋጋሉት ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ናቸው። በ2000 የተጀመረው ዲስኮግስ የተባለው ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ሸክላ የኅትመት ዝርዝርና የተሸጠበትን ዋጋ ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ ቀድሞ በጥቂት ነጋዴዎች ዘንድ ብቻ የነበረው እውቀት ዛሬ አዲስ አበባ ሸክላ የሚሸጥ ሰው እጅ ላይም አለ። ከዚህ በተጨማሪ ሸክላ ራሱ አንሠራርቷል። በ2022 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሸክላ በብዛት ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ትናንሾቹ አሳታሚዎች የተነሡበትና የወደቁበት ምክንያት

ራሱን የቻለ አነስተኛ አሳታሚ ሲባል ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ነፃ ሆኖ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ገንዘብና ፍላጎት የቆመ ድርጅት ማለት ነው። በእኛ አገር አነጋገር «ሙዚቃ ቤት» ለዚህ በጣም ይቀርባል። ትልቁ ኩባንያ የማይደፍረውን ሙዚቃ እነዚህ ይደፍራሉ። ነገር ግን በአስተዳደራቸው እጅግ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ዋናው ጉዳይ ነው።

ኢኤስፒ ዲስክን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ጠበቃው በርናርድ ስቶልማን በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ የመሠረተው ነው። አልበርት አይለርን የመሰሉ፣ በዘመኑ ጆሮ የሚሰጣቸው ያልነበሩ ሙዚቀኞችን ቀርጿል፤ በሥራቸው ውስጥ ጣልቃ ባለመግባቱም ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ክፍያ አላገኘንም የሚል ቅሬታ ከሙዚቀኞቹ በተደጋጋሚ ተነሥቷል፤ ስቶልማን በበኩሉ ሕገ ወጥ ቅጂዎች ድርጅቱን አዳክመውት እንደነበር ሲናገር ኖሯል። የጥበብ ነፃነትና የገንዘብ መብት ለየብቻ የሚቆሙ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

መለከት ተጫዋቹ ቻርልስ ቶሊቨርና ፒያኒስቱ ስታንሊ ካወል በ1971 ያቋቋሙት ስትራታ ኢስት ሌላ መንገድ ሞከረ። እዚያ ሙዚቀኛው ቀረጻውን በራሱ ወጪ አጠናቆ ያመጣል፤ አሳታሚው ያሳትማል፣ ያከፋፍላል፤ ዋናው ቅጂ ግን በሙዚቀኛው ባለቤትነት ሥር ይቆያል። ጊል ስኮት ሄረንና ብራያን ጃክሰን በ1974 ያወጡት አልበም በዚህ ሥርዓት ነው የታተመው። ዕዳውንና ኪሳራውንም ሙዚቀኛው ስለሚሸከም አሠራሩ ቀላል አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አከፋፋይ አልባነት አንገላቷቸዋል። ቢሆንም ከዓመታት በኋላ ሸክላዎቹ በሰብሳቢዎች ዘንድ ሲፈለጉና ዳግም ኅትመት ሲጠየቅ አሳታሚዎች ለፈቃድ የሚሄዱት ወደ ሙዚቀኞቹ ሆነ።

አዲስ አበባ፦ አምሃና ካይፋ

የኢትዮጵያን ጉዳይ ለመረዳት የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሙዚቃ ቀርጾ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተማው በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ እንዲሁም በየሆቴሉ ባንዶች ሙዚቃ ደምቆ ሳለ የሚያሳትም አልነበረም። ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ገደብ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። መታሰር እንደሚያመጣበት እያወቀ ያደረገው ነው። እርምጃ ስላልተወሰደበት በሩ ተከፈተ፤ ፊሊፕስ በአዲስ አበባ ቅርንጫፉ በኩል፣ ብዙዎች ዓሊ ታንጎ እያሉ የሚጠሩት ዓሊ አብደላ ካይፋም በራሱ ስም በተከታታይ ገቡበት።

አገር ውስጥ የሸክላ ፋብሪካ ስላልነበረ አምሃ የተቀረጸውን ቴፕ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየላከ ያሳትም ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ሎንግ ፕሌይ የሚባሉ ሙሉ አልበም የሚይዙ ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ሁሉም አሳታሚዎች ተደምረው በዚያ አሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ያወጡት 500 የሚጠጋ ባለ 45 ዙርና 30 ገደማ ሎንግ ፕሌይ ነው። የአንድ አገር የዘመናዊ ሙዚቃ የሸክላ ዘመን በአንድ ሰው መደርደሪያ ላይ ሊያልቅ የሚችል ነው ማለት ነው። ብርቅ መሆኑ ከዚህ ቁጥር በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በዚህ አነስተኛ ቁጥር ውስጥም ቢሆን ጃዙ ጥቂት ነው። ገዢው በአብዛኛው የሚፈልገው ዘፈን ነበር፤ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ የሆቴል ምሽቶችና የራዲዮ ማጀቢያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ወርዚ ለተባለ አነስተኛ አሳታሚ ሁለት አልበም ሠርቶ፣ በ1972ም እዚያው ሌላ ጨምሮ፣ በአምሃ በኩል ደግሞ በ1972ና በ1974 የመሣሪያ አልበሞች አውጥቷል። ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር «ቼ በለው»ን በካይፋ ያወጣው በ1977 ነው። ዛሬ ውድ ከሚባሉት የኢትዮጵያ ሸክላዎች መካከል እነዚህ የሚገኙት በጊዜያቸው ብዙ ስላልተሸጡ ጭምር ነው።

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽት ሙዚቃን አቀዘቀዘው፤ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ውጭ አገር ልኮ ማሳተም የሚጠይቀው የውጭ ምንዛሪም እየጠበበ መጣ። ካሴት ግን እዚሁ አገር ውስጥ፣ ሙዚቃ ቤቱ ጓዳ ሳይቀር ሊባዛ ይችላል። እናም በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ሙዚቃው አልተቋረጠም፤ የተቋረጠው ሰብሳቢው የሚያውቀው የዕቃ ዓይነት ነው።

ማስተር ማን ዘንድ ነው?

ማስተር የሚባለው ከስቱዲዮ የወጣው፣ ሌሎች ቅጂዎች ሁሉ የሚወለዱበት የመጀመሪያው ቀረጻ ነው። የዳግም ኅትመት ጥራት በዚህ ይወሰናል። ማስተሩ ካለ ከመጀመሪያው ሸክላ የተሻለ ድምፅ ማውጣት ይቻላል፤ ከሌለ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ሸክላ ተፈልጎ በመርፌ እየተነበበ ይገለበጣል፣ ጭረቱና ንዝረቱም በኮምፒውተር ይጸዳል። ጽዳቱ ከበዛ የጸናጽሉን ጥራትና የሳክስፎኑን ትንፋሽ አብሮ ይወስደዋል፤ ብዙ አፍቃሪዎች የተጋነነ ጽዳት ካለበት ቅጂ ጭረት ያለበትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ስትራት የተባለው አሳታሚ (ከስትራታ ኢስት የተለየ ነው) በ2017 የሙላቱን የ1972 አልበም ከዋናው ማስተር ሲያወጣው ዜና የሆነው እንዲህ ዓይነት ዕድል ስለማይዘወተር ነው።

ማስተር መጥፋት የድሃ አገር ችግር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በሰኔ 2008 ሆሊውድ ውስጥ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮዎች ግቢ የተነሣው እሳት የሙዚቃ ማስተሮች የተከማቹበትን መጋዘን አቃጥሏል፤ የጃዝ ስብስቦችም እንደተጎዱ በ2019 በሰፊው ተዘግቧል፣ ኩባንያው ግን የጉዳቱ መጠን ተጋኗል ብሎ ተከራክሯል። ልዩነቱ ትልቁ ኩባንያ ቢያንስ የነበረውን የሚያውቅበት መዝገብ ያለው መሆኑ ላይ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ ቴፑ ከአዲስ አበባ ወደ ፋብሪካው ተልኮ የቀረበት፣ ባለቤቱ የተሰደደበት፣ ውሉም በቃል የነበረበት አጋጣሚ ሊኖር ስለሚችል ከቴፑ ይልቅ ወረቀቱን ማግኘት ይከብዳል። ያለ ወረቀት ደግሞ ሕጋዊ አሳታሚ አይደፍርም፤ የሚደፍረው ሌላው ነው።

ዳግም ኅትመት፦ ማዳን ወይስ መውሰድ?

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ በማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ መጣ። የብራሰልሱ ክራምድ ዲስክስ በ1986 ያንን አልበም ሲያወጣ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በአውሮፓ ጆሮ አገኘ። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ መታተም ጀመረ፤ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሙዚቃውን ሲጠቀምበት ኢትዮ ጃዝ ጃዝ በማያዳምጡ ሰዎች ዘንድም ታወቀ።

ተከታታዩን የሚደግፉ ወገኖች ማስረጃቸው ጠንካራ ነው። ፋልሴቶ ከአምሃ እሸቴ ጋር በፈቃድ ተስማምቶ ነው የሠራው፤ በየቅጹ ያካተተው ሐተታ የባንዶችን ታሪክ በዝርዝር መዝግቧል፤ ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር የሠራው፣ ግርማ በየነም በ2017 በሠላሳኛው ቅጽ ወደ መድረክ የተመለሰው ይህ ተከታታይ በከፈተው መንገድ ነው። ግርማ በየነ በብዙ ሸክላዎች ላይ አቀናባሪ ሆኖ ሳለ በአድማጭ ዘንድ ከድምፃውያኑ እኩል ያልታወቀ ሰው በመሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚተቹትም መሠረት የሌላቸው አይደሉም። ከአሳታሚው ጋር የተደረገ ውል በቀጥታ ከተጫዋቹ ጋር እንደተደረገ አይቆጠርም፤ ሥራን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ መሄድ በተለመደበት አገር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ገቢ ባስ ጊታር ወይም ከበሮ የተጫወተው ዘንድ የሚደርስበት መንገድ በውሉ ውስጥ አልተጻፈም። ሲዲዎቹም በዋጋቸው ለአውሮፓ ገዢ የተሠሩ ነበሩ፤ ታሪኩም የተጻፈው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሌላም አለ፤ ከ1969 እስከ 1975 ያለው ብቻ «ወርቃማ ዘመን» ተብሎ ሲደጋገም በካሴት ዘመን የተሠራው ብዙ ሥራ ወደ ጥላ ተገፍቷል። በእኔ እይታ «ወሰደብን» የሚለው ክስ ዒላማውን የሳተ ነው፤ የጎደለው በመጀመሪያው ውል ላይ ሊሠራ ይገባ የነበረው ሥራ ነው።

የካሴቱን ዘመን ያነሣው በአጋጣሚ ሌላ ትንሽ አሳታሚ ነው። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካን የሚያንቀሳቅሰው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ካሴት አገኘ፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋሕዶ ለብቻው የቀረጸው ነው። ኃይሉ ከዋልያስ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረ ሲሆን ካሴቱ በተገኘበት ጊዜ በደልስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አሳታሚው ባለቤቱን ራሱን ፈልጎ አግኝቶ ተዋዋለው፤ ትርፉንም ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ይካፈላል። ካሴቱ በ2013 በሸክላና በሲዲ ወጣ፤ «ቼ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የተሠራው የ1978ቱ «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ተከተሉ። ውጤቱ ከሽያጩ ድርሻ አልፏል፤ ኃይሉ በተለያዩ አገሮች መድረክ ላይ ወጥቶ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ለአንድ በሕይወት ያለ ሙዚቀኛ የዳግም ኅትመት ትልቁ ጥቅም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ከአሮጌው ሥራ የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም አዲስ ሥራ ይጠራል።

ሕጉ ምን ይላል?

አሮጌ ሸክላ ሲሸጥ ለሙዚቀኛው ምንም አይከፈልም፤ ይህ በየትኛውም አገር ሕገ ወጥ አይደለም። አንድ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ቅጂ የገዢው ንብረት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሠዓልያን ሥዕላቸው በጨረታ ወይም በነጋዴ በኩል በድጋሚ ሲሸጥ ድርሻ የሚያገኙበት መብት አለ፤ ለሸክላ ግን ተመሳሳይ መብት የለም። ስለዚህ የጨረታው ዜና፣ ቁጥሩ ምንም ቢያስደንቅ፣ የሙዚቀኛውን ኪስ አይመለከትም።

ዳግም ኅትመት ግን ይመለከተዋል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጆቹ ቁጥር ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሁለት ዓይነት መብት ይለያል። የቅጂ መብት የሥራውን አመንጪ፣ ማለትም የዜማና የግጥም ደራሲውን የሚጠብቅ ሲሆን በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ተዛማጅ መብት የሚባለው ደግሞ የከዋኙን፣ ማለትም ሥራውን የዘፈነውን ወይም የተጫወተውን ሰው፣ እንዲሁም የድምፅ ቀረጻውን ያሠራውን ወገን፣ ማለትም የፕሮዲውሰሩን፣ መብት ይጠብቃል፤ ፕሮዲውሰሩ ያለው ጥበቃ ቀረጻው ከታተመበት ዓመት ቀጥሎ ለ50 ዓመት ነው። አዋጅ ቁጥር 872/2007 ይህን በማሻሻል የሮያሊቲ አከፋፈልንና ባለመብቶችን ወክሎ ክፍያ የሚሰበስበውን የጋራ አስተዳደር ማኅበር ጉዳይ አካቷል፤ ሮያሊቲ ማለት ሥራው ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈል ድርሻ ነው።

የ50 ዓመቱ ስሌት ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ያመጣል። በ1969 የታተመ ሸክላ የፕሮዲውሰርነት ጥበቃው በ2019 መጨረሻ አብቅቷል፤ የ1974ቱ በ2024 መጨረሻ አብቅቷል፤ የ1977ቱ በ2027 መጨረሻ ያበቃል። በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት የአምሃ ዘመን ቀረጻዎች አንድ በአንድ ከጥበቃ እየወጡ ነው ማለት ነው። የዜማና የግጥም ድርሰቱ ግን ተጠብቆ ይቀጥላል፤ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ያሳተመ ሰው የደራሲውን ወይም የወራሾቹን ፈቃድ ካላገኘ አሁንም ሕግ ይጥሳል።

ከአገር ሲወጣ ስሌቱ ይለወጣል። በአውሮፓ ኅብረት የታተመ ቀረጻ ጥበቃ ከ2013 ጀምሮ ወደ 70 ዓመት ከፍ ብሏል። በአሜሪካ በ2018 የወጣው ሕግ ከ1957 ጀምሮ ለታተሙና ከየካቲት 15 ቀን 1972 በፊት ለተቀረጹ ሥራዎች እስከ 2067 የሚዘልቅ ጥበቃ ሰጥቷል፤ ሙላቱ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተማቸው አልበሞች በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ከበርን ስምምነት ውጭ መቆየቷ፣ ማለትም አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ መብት ለመጠበቅ ከሚዋዋሉበት ዋና ሰነድ መራቋ፣ አዲስ አበባ ላይ የታተመ ሥራ ውጭ አገር ያለውን ጥበቃ አጠራጣሪ አድርጎት ኖሯል። አንድ ሙዚቀኛ በአንድ ቤተሰብ እንደተወለዱ ልጆች የሚመሳሰሉ ሁለት አልበሞች ኖረውት፣ አንዱ በታተመበት ከተማ ምክንያት ብቻ በዓለም ገበያ ከሌላው በብዙ የተሻለ መብት ሊኖረው ይችላል።

ሕገ ወጥ ቅጂና ነፃ ማጋራት

በአፍቃሪዎች ዘንድ የሚነሣው ሌላው ክርክር በሰብሳቢው እጅ ያለን ብርቅ ቀረጻ ለሁሉም በነፃ ማጋራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። ማጋራትን የሚደግፉ፣ የተዘጋ መደርደሪያ ሙዚቃውን እንደሚገድለው፣ ተተኪ ሙዚቀኞችም መማሪያ እንደሚያጡ ይናገራሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ነፃው ቅጂ ከተበተነ በኋላ በፈቃድ ሊያሳትም የሚፈልግ አነስተኛ አሳታሚ የሚያወጣውን ወጪ እንደማይመልስ ያስረዳሉ። ለ500 ቅጂ የሚከፍል አሳታሚ ስሌቱ ጠባብ ስለሆነ የኋለኛው መከራከሪያ ክብደት አለው። ሆኖም ሙላቱ ላይ እንደታየው ሰው አስቀድሞ ያወቀው ሙዚቃ ሸክላውን በገንዘቡ የሚገዛ ሰውም ያመጣል። ነፃ ማጋራት በሽያጭ ላይ ካለው ሥራ ጋር ሲጋጭ ይጎዳል፤ ባለቤቱ ባልታወቀና ማንም ሊያሳትመው ባላሰበ ቀረጻ ላይ ግን የጥበቃን ሥራ ይሠራል።

ያለ ፈቃድ የሚታተመው ሸክላ ከዚህ የተለየ ነው። ሽፋኑ ይቀዳል፣ ድምፁ ከሲዲ ይገለበጣል፣ የፋብሪካው ስም ይደበቃል። ገዢ በቀላሉ ሊለየው የሚችልበት መንገድ አለ፤ ሕጋዊው ዳግም ኅትመት ከማን ፈቃድ እንዳገኘና ድምፁ ከማስተር ወይስ ከሸክላ እንደተወሰደ በሽፋኑ ላይ ይጽፋል። ይህ መስመር የሌለበትን መግዛት ለሙዚቀኛው የሚደርሰው ነገር እንደሌለ አውቆ መግዛት ነው።

የሚቀጥሉት ዓመታት

በአምሃና በካይፋ ሸክላዎች ላይ የፕሮዲውሰሩ ጥበቃ ሲያበቃ በአገር ውስጥ ማንም አሳታሚ ሊያወጣቸው ይችላል፤ ይህ ምናልባት የአገር ውስጥ አድማጭ በሚችለው ዋጋ ሸክላና ዲጂታል ቅጂ እንዲያገኝ ያደርጋል፣ ጥራታቸው የወረደ ቅጂዎችንም ያበዛል። በዚህ ሁኔታ ለባለሙያው ክፍያ የሚመጣበት ዋናው መንገድ የዜማና የግጥም ድርሰት መብት ይሆናል። ያ መብት የሚሠራው ደራሲው ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ከታወቀ ነው፤ በብዙ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ላይ የድምፃዊው ስም ጎልቶ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም ሳይጻፍ የቀረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ካሴቶቹ ሌላ ሰዓት ይቆጥራሉ። በ1978 የታተመ ካሴት ጥበቃው እስከ 2028 መጨረሻ ስለሚዘልቅ ፕሮዲውሰሩ፣ ከዋኙና ደራሲው አሁንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መዋዋል ይችላሉ፤ ቴፑ ግን ሕጉን አይጠብቅም፣ መግነጢሳዊ ሽፋኑ በሙቀትና በእርጥበት ይላጣል። አምሃ እሸቴ በ2021 ዐርፏል። በእነዚያ ባንዶች ውስጥ የተጫወቱ፣ በየትኛው ቀረጻ ላይ ማን ምን እንደያዘ የሚያስታውሱ ሙዚቀኞች በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ዛሬም አሉ፤ የዚያ ዘመን ቀረጻዎች የሙዚቀኛ፣ የደራሲና የአቀናባሪ ዝርዝር ከእነርሱ ቃል ተወስዶ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ቢመዘገብ፣ ወደፊት ፈቃድ የሚጠይቅ አሳታሚ ከማን ጋር እንደሚዋዋል ያውቃል።